አርባ ባዶ ሽፋን

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን። ገና ደረጃው ላይ ስለነበርኩ አዳራሹም ሰዉም አይታየኝም። ሳሉን ግን አወቅሁት። የራሴ ሳል ነበር።

ከሳሉ ኋላ ስንዴው መውረድ ጀመረ። ስንዴ በብረት ቦይ ሲንዶለዶል ለማያውቅ ሰው ዝናብ ይመስለዋል፤ ለሚያውቅ ግን ከዝናብ የከበደ፣ የደረቀ፣ ጉሮሮን የሚያሳክክ ድምፅ ነው። በስንዴው ላይ የዘፋኟ የዴልፊን ድምፅ ገባ። ከበሮ የለም። ከበሮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ስነካካው ቆይቼ፣ አንድ ቀን ጠዋት በረዶ እየጠረግሁ ሳለ ነው ያለ ከበሮ የሰማሁት።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። «አይላ ልታስደንቀኝ ነው» አልኩ በሆዴ፤ ሥራዬን ሸክላ ላይ እንድትቀርጽልኝ የሰጠሁት ለእሷ ነው። በእጄ ስድስት ፐርሺያን ያለበት ካርቶን ይዣለሁ። ፐርሺያን ላዩ ሮዝ ክሬም የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ ከከተማችን ከተንደር ቤይ ውጭ ያሉ ሰዎች ስሙን ስንጠራላቸው ምንጣፍ ወይም ድመት ይመስላቸዋል። አይላ አንዱን ትበላና ሌላውን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ትከታለች፣ ለኋላ።

«ሦስተኛው ጀልባ» የሚባሉት ሙዚቀኞች ከሦስት ዓመት በፊት አልበማቸውን ፈትተው ነው የሰጡን። ፈትተው ስል ጊታሩን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ አድርገው ነው። «እንደፈለጋችሁ ስፉት፣ በፈለጋችሁት ሽፋን ሽጡት» አሉን። ሰፋነው። አንዱ ሙሉውን በአኮርዲዮን አደረገው። አንዷ በየዘፈኑ መሐል ውሻዋን አስጮኸች፤ ያ እትም አሁን የሚገኝም አይደለም፣ ያለው ሰው አይሸጠውም። በበጋ በበጋ እየተሰበሰብን እንሻሻጣለን፣ አንዱ የሌላውን ገዝቶ እንደገና ፈትቶ ይሰፋል።

ሕጋችን አንድ ነው፤ መሰላል እንለዋለን። በሸክላው ሽፋን ጀርባ፣ ከታች የሙዚቀኞቹ ስም፣ ከዚያ በላይ በላዩ የሠራበት ሰው ሁሉ ስም በእርሳስ ይጻፋል። የራሱን ስም የሚጽፍ ግን የለም። ስምህን የሚጽፍልህ ሸክላህን ቀድሞ የሰማ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ገጽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይነሳ የሰማ። ስምህን ጻፈልህ ማለት ሰማህ ማለት ነው። ያንን ስም ደግሞ ከጻፈው ሰው በቀር ማንም አያጠፋውም።

በዚህ በጋ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው እኛ ከተማ ሊመጡ ሆነ። ከእኛ እትሞች አንዱን መርጠው መድረክ ላይ ሊጫወቱት፣ ከዚያም በሚሄዱበት ከተማ ሁሉ ይዘውት ሊዞሩና መሰላሉን ሊያነቡ። እኔ የስንዴ ጎተራ ጠራጊ ነኝ፤ የስንዴውን ድምፅ ከነሳሌ የቀዳሁትም እዚያ ነው። ምሳዬን ከእርግብ ጋር ነው የምበላው። በሳምንት ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው ቢኖር አለቃዬ ነው፤ እሱም «መጥረጊያው የት አለ?» ከማለቱ በፊት ነው የሚጠራኝ። ዴልፊን አይቻቸው በማላውቃቸው ከተሞች ስሜን ስትጠራ ክረምቱን ሙሉ ታየኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አይላ ራውቲዮ በከተማችን ሸክላ መቅረጫ ማሽን ያላት ብቸኛዋ ሰው ናት። ማሽኑ ጋራዧ ውስጥ ነው። አንድ በአንድ ነው የሚቀርጸው፤ ዘፈኑ አርባ ደቂቃ ከሆነ አርባ ደቂቃ ቁጭ ማለት ነው። እየተቀረጸ ሰው ከተራመደ እርምጃው ሸክላው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ሳንነቃነቅ፣ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። መርፌው የሚልጠው ጥቁር ክር እየተጠቀለለ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። በሕይወቴ ለዚያን ያህል ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም። ዝምታውን እንደ ጨዋታ ቆጥሬው ኖሯል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ አርባ ባዶ ሽፋን ፊቴ ቆለለች።

«ኬልቪን፣ የእጅህ ጽሑፍ ከኔ ይሻላል። የኔ እትም ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ እስከዚያ ስሜን ጻፍልኝ።»

«ሳልሰማው?»

«ትሰማው የለ? የት ይሄድብሃል?»

«መሰላል ጠባቂው ጎርድ ቢያውቁ ቆዳዬን ነው የሚገፍፉት።»

«ጎርድ አሁን እዚህ አሉ?» ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። «ጎርድ! ይውጡ እንጂ፣ ታይተዋል!»

ሳቅሁ። ያስጻፈኝም ሳቁ ነው። አይላ ራውቲዮ፣ አይላ ራውቲዮ፣ አይላ ራውቲዮ፤ የመጀመሪያውን ፊደል፣ የእንግሊዝኛውን A፣ እንደ ጎተራ ጣሪያ እያሾልኩ አርባ ጊዜ ጻፍኩት። ሲያልቅ ጣቶቼ በእርሳስ ጠቁረዋል። እዚያው ቀን የራሴን ሥራ ሰጠኋት።

«ስትቀርጺው መስማትሽ አይቀርም» አልኳት። «ያኔ ስሜን ትጽፊልኛለሽ።»

«እሺ፣ አንተ ደግሞ፤ ልጽፍልህ አይደል እንዴ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስጠይቃት መርፌው ተሰበረ፣ ሌላው ከቶሮንቶ እየመጣ ነው ትለኝ ነበር። እኔም መርፌውን ጠበቅሁ።

አዳራሹ የከርሊንግ ክለቡ ነው። ክረምት ላይ ሽማግሌዎች በረዶው ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱበት፤ በበጋ በረዶው ቀልጦ ባዶ ሲሚንቶ ይሆንና እኛ ጠረጴዛ እንዘረጋበታለን። በሩ ላይ መሰላል ጠባቂው ጎርድ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ ነው።

«ና ና፣ የጎተራው ልጅ! ዘገየህ፤ መርጠው ጨርሰዋል።»

«የቱን?»

«ጆሮ የለህም? የሚሰማውን ነዋ! ስንዴውን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንዴ ስጎትት እንዲህ የሚያለቅስ ስንዴ አልሰማሁም።»

ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። «የኔን መረጡ?» አልኩ።

«ያንተን? ያንተንማ መቼ አመጣኸው? የአይላ ነው።»

ከክምሩ አንዱን ሽፋን አንስቼ ገለበጥኩት። ከታች «ሦስተኛው ጀልባ»። ከላይ እንደ ጎተራ ጣሪያ የሾለ ፊደል፣ ከሱ ቀጥሎ የቀረው ስሟ። በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የምጮህ ይመስለኛል። የራሴን እጅ ሳይ ግን ሽፋኑን ቀስ ብዬ ወደ ጎርድ ገፋሁት።

«ጎርድ፣ ይሄ የኔ ሸክላ ነው።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሳቡ። «ጽሑፉ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ስሙስ?»

«የሷ።»

«እንግዲህ!»

አኮርዲዮኑን የሠራው ብሬንት ከጎን ጠረጴዛ ሰማን። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ ተመልካች የሚፈልግ ሰው ነው። «እዩልኝ ይሄን ሰው! ራሱ መስክሮ ራሱ ይግባኝ ይላል!»

«ሳሉን ስሙት» አልኩ። «ስንዴው ሊወርድ ሲል ያለውን። የኔ ሳል ነው። የጎተራ አቧራ ነው።»

«እስቲ ሳል!» አለ ብሬንት።

ሰዎች ዞሩ። ለመሳል ሞከርኩ። ጎተራው ለጥገና ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ደረቴ ጠርቷል። የወጣኝ ቀጭን፣ እፍረተኛ ድምፅ ነበር።

«ይሄማ የበግ ነው!» አለ ብሬንት፤ ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ። ለዚያ ፈገግታዬ እስከዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

አይላ ከጓዳ ሸክላ የሞላ ሣጥን አቅፋ ወጣች። እኔን አየች፤ የፐርሺያኑን ካርቶን አየች። ሣጥኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«መጣህ» አለች።

«መርፌው ከቶሮንቶ ደርሷል ማለት ነው» አልኳት።

እጅጌዋ ላይ ጥቁሩ ክር ተጣብቆ ነበር። የኔ ሸክላ ክር መሆን አለበት፤ ጉልበቷ ላይ ሲወድቅ እኔ አጠገቧ አልነበርኩም።

ከመድረኩ ዴልፊን ማይኩን ነካ ነካ አደረገችና «አሥር ደቂቃ! የስንዴዋ ልጅ ትዘጋጅልን!» አለች። ሰው አጨበጨበ። የስንዴዋ ልጅ! አይላ ጎተራው ግቢ ረግጣ አታውቅም። አንድ ቀን ላሳያት ብጠይቃት «አቧራው ጸጉሬ ውስጥ ይገባል» ነበር ያለችኝ። ስሟን ሲጠሩ ያን ያህል አላመመኝም፤ ይሄኛው ግን አመመኝ።

«ጎርድ» አልኩ፤ «ላጲስ ይስጡኝ።»

ብሬንት ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፣ መልሶ ዘጋው። ጎርድ ላጲሱን ከመሳቢያ አወጡና እጃቸው ላይ ያዙት።

«የጻፍከው አንተ ነህ፣ ማጥፋትም ያንተ ነው። ግን ምክንያቱን ሰው እየሰማ ትናገራለህ። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ሳይሰማ የጻፈ ሰው እጁ ከዚያ ወዲያ አይታመንም። የማንንም ሸክላ ቀድሞ እንዲሰማ አይሰጡትም። ጠረጴዛቸው አጠገብ ይቆማል እንጂ ወንበር አይስቡለትም። ወደ አይላ ዞርኩ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ላጲሱን እመልሰው ነበር። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

«ሳልሰማ ነው የጻፍኩት» አልኩ። «አርባውንም። ሽፋኖቹ ባዶ ነበሩ። እሷ የራሷ እትም እንደሚገባበት ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩላት።»

ብሬንት፣ ውሻ ያስጮኸችዋ ሴትዮ፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ድምፅ ማጉያው አሁንም ስንዴዬን ያወርዳል።

«ልጄ» አሉ ጎርድ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን እንዳልክ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ላጲሱን ሰጡኝ። መድረክ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀውን ሽፋን አስጠግቼ ስሟን አጠፋሁት። እርሳሱ ለቀቀ፤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩበት ስርጉድ ግን አልጠፋም፣ በጣት ሲዳሰስ ይነበባል። ፍርፋሪውን እፍ አልኩት።

ጎርድ ሽፋኑን ወስደው በአይላ ፊት ዘረጉት። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ላዩ ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ ይሄ ሸክላ ስም የለውም። ስም የሌለው መድረክ አይወጣም። ቀድሞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይነሳ የሰማው ማን ነው? የቀረጸው ነው። አንቺ ነሽ። የሠራውን ሰው ስም ጻፊ፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።»

አይላ እርሳሱን አየችው። ሙሉ አዳራሹ እርሳሱን ያያል። በዚያች ቅጽበት እኔ ይቅር ማለት ጀምሬ ነበር። ትጽፋለች አልኩ፤ ትጽፍና ትስቃለች፤ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ጎርድን ትፈልጋለች፤ ነገ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንቀመጣለን። ይህን ሁሉ ቆሜ አለምኩት።

«አይላ» አልኳት። «ስሜ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ብቻ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የማፈርም የመቆጣትም ነገር ብፈልግ አጣሁ። ካርቶኑን ከፈተች። አንድ ፐርሺያን አነሳች፣ ሮዝ ክሬሙ እንዳይነካ አድርጋ በወረቀት ጠቀለለችው፣ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ክንዷ ሽፋኑን ነክቶት እርሳሱ ተንከባለለ፤ ጎርድ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያዙት።

«አይላ ራውቲዮ!» አለች ዴልፊን ከመድረኩ፤ ምንም አልሰማችም። «የት ናት የስንዴዋ ልጅ?»

አይላ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ወደ ኋላው በር ሄደች። ጋራዧ ውስጥ ሁልጊዜ በካልሲ ስለሆነች የጫማዋን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከባድ ነው። ማንም አልከለከላትም። በሩን ገፋችው፣ የሐይቁ ንፋስ የጠረጴዛዎቹን ወረቀት አነሳው፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ውጭ ፒክአፗ ተነሣ።

ዴልፊን ስሟን ደግማ ጠራች።