በሁለቱም አገር የጎደለችው

ጅጅጋ በምሠራበት የስታቲስቲክስ ቢሮ ውስጥ “እማዋይሽ ቁጥር” ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ አለቃዬ ኩልሚዬ ነው፤ ከሰው ይልቅ አኃዝ ታምናለች ለማለት። እውነቱን ነው። ሰው ሲጨንቀው ይዋሻል፤ ቁጥር አይጨንቀውም ብዬ ነው የኖርኩት።

በ2003 ዓ.ም. በሽንሌ ዙሪያና ከድንበሩ ባሻገር በጅቡቲ በኩል ባሉ መንደሮች የልጆች ቁጥር ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ እንድናነጻጽር ታዘዝን። ግራፉ ላይ የእኛ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ የእነሱም ይወጣል። ሴት ልጆች ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱም ከወንዶቹ ዝቅ ይላሉ። አንዱ ጋ ብቻ ቢጎድሉ ተሻግረው ነው እል ነበር። ሁለቱም ጋ ከጎደሉ የት ገቡ?

“ድርቁ ነው፤ ጻፊና ዝጊው” አለኝ ኩልሚዬ።

ድርቅ ሴት መርጦ አይገድልም አልኩትና በማግሥቱ ሽንሌ ሄድኩ።

ባቱሎ የምትባል ሴት ቤት ገባሁ። ስንት ልጅ እንዳላት ስጠይቃት ሦስት አለችኝ። ትሪውን ከበው ሩዝ የሚበሉት ግን አራት ናቸው። አራተኛዋ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ናት፤ መልኳ ቁርጥ ባቱሎን።

“ይቺስ?” አልኩ በሶማልኛ።

“ናስትሆ? እሷ የእህቴ የደሃቦ ናት። ደሃቦ የምትኖረው ጅቡቲ፣ አሊ ሳቢህ ነው።”

“ማን ወለዳት?”

“እኔ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሃቦ የወለደቻቸው ልጆች አልበረከቱላትም። ባቱሎ ናስትሆን ጡት እንዳስጣለች ወስዳ ለእህቷ ሰጠቻት፤ ሰጥቶ የኔ ናት ማለት ደግሞ ነውር ነው። ልጅቷ በጭነት መኪና እየተመላለሰች በሁለቱም ቤት አደገች። ለዘመድ የምትሰጠው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ ጓዳ አብራ ገብታ ሥራ ታግዛለች።

በባቱሎ ስልክ ወደ ደሃቦ ደወልን።

“ልጅ የለኝም” አለችኝ።

“ናስትሆስ?”

“የባቱሎ ናት እንጂ። እህቴ አምጣ ወልዳ እኔ ልቁጠራት? ምን አፍ አለኝ?”

ይሉኝታ አገር ሙሉ ልጅ ከቁጥር ሲያጎድል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ናስትሆ ከትሪው ተነሳች። የልደት ወረቀት ካላመጣች ሰኞ ክፍል እንደማትገባ ትምህርት ቤቱ ነግሯታል፤ አሊ ሳቢህ ባለው ትምህርት ቤትም ያሏት ይህንኑ ነው። ወረቀቱ እንዲወጣ አንዲት እናት ቀርባ “ልጄ ናት” ማለት አለባት። እስካሁን እንዲያ ያለች የለችም።

“የማንም አይደለሁም ማለት ነው?” አለች።

ባቱሎ ደነገጠች። “ሁለት እናት እያለሽ?”

“ሁለታችሁም ስትጠየቁ የኔ አይደለችም ትላላችሁ።”

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ደሃቦ ከወዲያ ያንቺ ናት ትላለች፤ ባቱሎ ከወዲህ የለም፣ ያንቺ ናት ትላለች። ተናደድኩ። “ደግነታችሁ በዛ፤ አንዳችሁ እንኳ ትንሽ ንፉግ ሁኑ” አልኳቸው። የሰማኝ የለም።

ናስትሆ ስልኩን ወሰደች። “አክስቴ” ብላ ጀመረች። ከዚያ አረመችው።

“እናቴ፣ ነገ እመጣለሁ። ልጄ ናት ብለሽ አስመዝግቢኝ። እዚህ ሦስት አሉ፤ አንቺ ጋ ማንም የለም።”

ከወዲያ ልቅሶ ተሰማ።

ባቱሎ ፈገግ ለማለት ሞከረች። “ደግ አደረግሽ” አለቻት። ራሷ ስትለው የኖረችውን ነው ልጅቷ ያለችው። ከልጇ አፍ ሲወጣ ግን አልቻለችውም፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም መዝገቤን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ልሄድ ስወጣ ባቱሎ ተከተለችኝ።

“አባዮ፣ እህቴ፣ ስንት ብለሽ ጻፍሽ?”

“እንዳልሽኝ፣ ሦስት።”

“አራት ብልሽ ኖሮ ትጽፊው ነበር?”

“እጽፈው ነበር።”

ወደ ቤቱ ዞራ ተመለከተች። “እንግዲያው እንዳለ ተይው” አለችኝና ለነገው መንገድ የናስትሆን ልብስ ልታጥብ ተመለሰች።