አሥራ ሁለተኛው ምት

ፔርፌክቶ መጀመሪያ ቤታችን የመጣው አውራ ዶሮ ልግዛ ብሎ ነው። ዶሮዎቹን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገና እኔና ወንድሜ ዱላ ስንማታ ማየት ጀመረ።

ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በቅዱስ ሮኬ በዓል፣ ወንድሜ ቲክዮ ከዚህ ሰው ጋር ሊገጥም ቃል አስሯል። የራስ መከላከያ የለ፣ የደረት መከላከያ የለ፣ አንዱ እስኪወድቅ ድረስ በባሂ ዱላ። ባሂ ከዘንባባ ግንድ ልብ የሚወጣ እንጨት ነው፤ ከብረት የሚለየው አለመዛጉ ብቻ ነው። አናቱን በባሂ የተመታ ሰው ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ ያለ እንግዳ ከበር ይመለሳል እንጂ ወንበር ይሰጠዋል? አባቴ ግን ማኤስትሮ ኔሜስዮ ነው፣ የዱላ ውጊያ መምህር። ኩራቱ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል።

«ታታይ፣ ሰውዬው እያየን እኮ ነው» አልኩት አባቴን በሹክሹክታ።

«ኤዲያ! የሚያየው አሥራ ሁለቱን ምት ብቻ ነው። እሱን ማን የማያውቅ አለ?» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥር መጥራቱን ቀጠለ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አባቴ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እመታለሁ፣ ቲክዮ ይመክታል። አንድ ሲል ግራ ጆሮ፣ ሁለት ሲል ቀኝ ጆሮ፣ እንዲያ እያለ እስከ ጉልበት ይወርድና መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት፣ ከላይ ወደ ታች መሐል አናት። ወንድ ሲያየኝ አውቃለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የፔርፌክቶ አስተያየት እንደዚያ አልነበረም። ወንድሜንም አያይም፣ ዱላዬንም አያይም። ግራ ትከሻዬን ነበር የሚያየው። አባቴ «አሥራ ሁለት!» ባለ ቁጥር ሰውዬው አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል።

«ዶሮዎችህ ከስተዋል፣ ማኤስትሮ» አለ በመጨረሻ። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ትከሻዬ ምን አለው ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከክንዴ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እጄን በጊዜ አልሰበሰብኩም ብሎ አባቴ ቀኝ ክርኔን በዱላ መታኝ። ወጌሻው አጣሞ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ ከጆሮዬ በላይ አይወጣም። ስለዚህ አሥራ ሁለትን ለመምታት መጀመሪያ ግራ ትከሻዬን ወደ ታች መጣል አለብኝ፤ ያኔ ቀኙ ከፍ ይልልኛል፣ በግራ እጁ ሙሉ ባልዲ እንደያዘ ሰው። አባቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ዱላ አንስቶ አያውቅም። ቁጥር ብቻ ይጠራል። ሰፈሩ ዕድሜው ገፍቶ ነው ይላል።

የኛ ቤት ጥበብ ደግሞ ከቤት አይወጣም። አያቴ ለልጆቹ፣ አባቴም ለልጆቹ፣ ለጎረቤት ልጅ እንኳ አይሰጥም። ልጆቹ እኔና ቲክዮ ብቻ ነን። ስለዚህ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ከእኔ በቀር የመታው ሰው የለም። ይህን ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ፔርፌክቶ በሄደ ማግስት ዓሣ እያጸዳሁ ሳለ ነው።

አባቴ ቅዳሴ ሲሄድ ጠብቄ የሩዝ ሙቀጫውን ግቢው መሐል ደፋሁትና ወጣሁበት። እዚያ ላይ ከቆምኩ እጄን ሳላነሳ፣ ትከሻዬንም ሳልጥል የወንድሜ አናት ይደርሰኛል።

«ማኖይ፣ ና አሥራ ሁለት ልምታህ» አልኩት፤ በኛ አገር ታላቅ ወንድም ማኖይ፣ ልጃገረድ ኢንዳይ ነው የሚባሉት።

ቲክዮ ሳቁ መጣ። «ሙቀጫ ላይ ወጥተሽ? ምነው ኢንዳይ፣ ደግሞ ከነገ ወዲያ መሰላል ልታመጪ ነው?»

«ዝም ብለህ መክት።»

መታሁት። አልመከተም። እጁ እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ ዱላው ግንባሩ ላይ አርፎ ደም በቅንድቡ ወረደ። ሳቁ ጠፋ።

«አላየሁትም» አለ። «እውነቴን ነው፣ ሲመጣ አላየሁትም።»

«ዱላዬን አይተህ አታውቅምና። የምታየው ትከሻዬን ነው። ሰውዬውም ይህን አውቋል።»

ደሙን በእጁ ጠረገ። ግጥሚያው ይቅርብህ አልኩት። ቃል ታስሯል፣ ብቀር ታታይ ገበያ መውጣት አይችልም አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እሱ እንዲህ ነው፣ «በይ ውጪ ሙቀጫሽ ላይ» አለና ዱላውን አነሳ። አራት ጠዋት ሠራን። በሦስተኛው ቀን ከአሥር ምት ስድስቱን ያዘልኝ፣ በአራተኛው ስምንቱን። ደስ አለኝ። እግዜር ይወቀኝ፣ እየዘፈንኩ ነበር ሩዝ የቀቀልኩት።

በአምስተኛው ቀን አባቴ ከቅዳሴ ቶሎ ተመለሰ። እኔን ሙቀጫ ላይ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሳምንት ሲቀረው ዱላ አይነካም! ይህን መቼ ነው ያስተማርኳችሁ?»

ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ግጥሚያው ሳምንት ሲቀረው ዱላው የኮኮናት ዘይት ተቀብቶ በቅዱሱ ሥዕል ፊት ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ የነካው ሰው ዕድል ያበላሻል ይባላል።

«ታታይ፣ ስማኝ። ሰውዬው ትከሻዬን ነበር የሚያየው።»

«ትከሻሽ ምን ሆነ?»

«ክንዴ ስለማይነሳ...»

«ክንድሽ ደህና ነው።»

«ታታይ...»

«ደህና ነው አልኩሽ!» አሥራ ሦስት ዓመት ሲላት የኖራት ቃል ናት። ይህን ሲል ደግሞ ክንዴን አያየውም። «ሂጂ ሙቀጫውን ቦታው መልሺ።»

ቲክዮን አየሁት፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። መለስኩት። ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ አባቴን እምቢ ማለት አቅቶኝ ሙቀጫውን ተሸክሜ ቦታው መለስኩት።

በበዓሉ ዕለት ከሰዓት፣ አውራ ዶሮዎቹ ተዋግተው ሲያበቁ ሜዳው ተጠረገ። ላባው ግን አልለቅ ብሎ አፈሩ ላይ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች በመንደሩ ሹም ፊት፣ የሞተ ቢሞት ክስ የለም ብለው የአውራ ጣት አሻራ አደረጉ። ፔርፌክቶ የጣቱን ቀለም በሱሪው እየጠረገ በኔ በኩል አለፈና ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ቢያየው የአክብሮት ሰላምታ ነው።

«ኢንዳይ፣ ክንድሽ እንዴት ነው? ዝናብ ሲሆን ያምሻል?»

እየተጋፋሁ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። ውጊያውን አሻራ ከተደረገ በኋላ ማስቆም የሚችለው የአስተማሪ መሐረብ ብቻ ነው፤ መሐረቡ ከተጣለ ሁለቱም ዱላቸውን ያወርዳሉ። የአባቴ ቀይ መሐረብ እጁ ውስጥ ነበር።

«ታታይ፣ ስለ ክንዴ ጠየቀኝ። አውቋል። ጣለው!»

«ዝም በይ። ሰው እያየን ነው።»

«ይግደለው ነው የምትለው? ጣለው እንጂ!»

መሐረቡን ጨበጠው።

ገጠሙ። መጀመሪያ ቲክዮ በረታ። የሰውዬውን ክንድ ሁለቴ መታው፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ጮኸ። ፔርፌክቶ ወደ ኋላ ይላል፣ ይዞራል፣ አይቸኩልም። ቲክዮ በመሐል እኔን አየት አደረገና ጠቀሰኝ። ገባኝ። ትከሻ ሳይወርድ የሚመጣውን አሥራ ሁለት እየጠበቀ ነው፣ ከሙቀጫው ላይ እንዳስተማርኩት። አንድ ጊዜም መጣለትና መከተው። እልል አልኩ፣ አንዷን እጄን አባቴ ትከሻ ላይ አድርጌ እልል አልኩ።

ያኔ ፔርፌክቶ ግራ ትከሻውን ጣለ።

የኔን ትከሻ ነው የጣለው። አወራረዱ፣ መዘግየቱ፣ አንገቱ ሳይቀር የኔ ነበር። በሰው ገላ ላይ ራሴን አየሁ። ወንድሜ አላሰበም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያስለመድኩት እጁ ብድግ ብሎ አናቱን ሸፈነ። ምቱ ግን ከላይ አልመጣም። ከጎን መጣና ከጆሮው ሥር ገባ።

ድምፁ ብዙ አልነበረም። ቲክዮ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ላባው ላይ ተኛ። መሐረቡ የወደቀው ከሱ በኋላ ነው።

ዘጠኝ ቀን ጸሎት ተደረገለት። በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አባቴ ከራታን ሐረግ የተሠሩ ሁለት የመለማመጃ ዱላዎች ይዞ ግቢው መሐል ቆመ። ክርኔን ከመታኝ ወዲህ በእጁ ዱላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን ሰጠኝ።

«አሥራ ሁለት» አለ።

«ታታይ፣ ተው።»

«አሥራ ሁለት አልኩሽ። ምቺኝ።» ዱላውን ወደ ታች አንጠልጥሎታል፣ ሊመክት አላሰበም። ያለቀሰ ሰው ፊት አይደለም፤ ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት ነው። ደሜ ፈላ። ወንድሜን አሰብኩ፣ ሙቀጫውን አሰብኩ፣ ክንድሽ ደህና ነው ሲለኝ የኖረውን አሰብኩ። ልመታው ቆረጥኩ። ግራ ትከሻዬን ጣልኩ።

ዓይኑ ዱላዬ ላይ አልነበረም። ገና ሳልንቀሳቀስ ጀምሮ ግራ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ልክ እንደ ፔርፌክቶ፣ ልክ እንደ ቲክዮ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር።

ዱላውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለትና ወደ ቤት ገባሁ።