ገጹ ካልተገኘ

«አራት ቀረኝ!» አለች ፈጣኗ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በዚህ ስም የማይጠራት የለም። ሌላው ሰው በሳምንት የሚጨርሰውን ድረ ገጽ የማስተካከል ሥራ እሷ በሁለት ቀን ስለምታጠናቅቀው የወጣላት ስም ነው፤ እሷም አልጠላችውም። ባለፈው ወር ድረ ገጹ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር መቶ አርባ ሁለት ሊንኮች ተበላሽተዋል። ሲጫኗቸው «ገጹ አልተገኘም» ከማለት በቀር የትም አይወስዱም። ኃላፊዋ ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ለቦርዱ በምታቀርበው ሪፖርት ላይ ዜሮ ማየት ትፈልጋለች። ፈጣኗ ለዚህ መላ አላጣችም። የተበላሸ ሊንክ ከመጠገን መሰረዝ ይቀላል። የሌለ ሊንክ ደግሞ አይበላሽም።

የመጨረሻውን ሰርዛ ጣቶቿን ስታፍታታ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ የባለቤቴ ድምፅ ጠፋብኝ» አሉ አንድ አዛውንት።

«የት ነበር አባባ?»

«እናንተው ጋ ነዋ!»

ሰውየው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች። ከስድስት ዓመት በፊት ቤተ መጻሕፍቱ የከተማውን ሠራተኞች ስለ ሥራቸው እያስወራ ሲቀርጽ እሷንም ቀርጿት ነበር። አምና ሞተች። ልብስ ሰፊው ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን የሚበሉት ያቺን የአሥራ አንድ ደቂቃ ቅጂ ከፍተው ነው።

«ሰሞኑን ገጹ አልተገኘም ይለኝ ነበር። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ግን ስሟም የለ።»

ፈጣኗ ክው አለች። ጠዋት የሰረዘችው እሷ ናት፤ ያውም ምን እንደሆነ ሳታይ፣ ሃያ ሃያውን እየመረጠች።

«እርስዎ ጋ ሌላ ቅጂ የለም?»

«እናንተ እያላችሁ ምን ብዬ?»

«ስልኩን እንዳይዘጉት አባባ።»

የሰረዘችው ሊንኩን ነው፤ ድምፁ ራሱ አንድ ቦታ መኖር አለበት። የድምፅ ቅጂዎቹ ድሮ በየሰፈሩ ተለይተው ነበር የሚቀመጡት። የሰውየውን ሰፈር ጠይቃ ፎልደሩን ፈለገች። የለም። ሌላ ሰፈር ሞከረች። እሱም የለም። አሮጌው ሰርቨር ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተጠርጓል። የአንዲት ሴት ድምፅ ለአንድ ዜሮ ብላ ካጠፋች፣ ለእኚህ ሰው ምን ትላቸዋለች?

አጠገቧ የተቀመጠውን ድምፅ ቀራጭ ዞር ብላ አየችው። ዝግ ስለሚል ስትቀልድበት የኖረችው ሰው ነው።

«የሰፈሮቹ ፎልደር የት ገባ?»

«ሲዛወር በዓመት አደረግነው እኮ» አለ ቀራጩ ሳይቸኩል። «ኢሜይል ልኬልሽ ነበር።»

አላነበበችውም። ዓመቱን ከፈተች። ሊንካቸው የተበላሸው መቶ አርባ ሁለቱም ቅጂዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱም አልጠፋም። የስልኩን እጀታ ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግታ የሴትየዋን ቅጂ ተጫነች።

«ትኬት ያልቆረጣችሁ!» አለች የሞተችው ሴት በሞቀ ድምፅ። «አትደበቁኝ፣ አይቻችኋለሁ!»

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«እሷ ናት! ተባረኪ ልጄ።»

ፈጣኗ እፎይ ብላ ወንበሩ ላይ ተለጠጠች። ምርቃቱ ግን አሳፈራት። የዚያችን ሴት ሊንክ አስተካከለች፣ የሰረዘቻቸውን የቀሩትን ጠዋት ከመሰረዟ በፊት ከተቀመጠው የድረ ገጹ መጠባበቂያ መለሰቻቸው።

ኃላፊዋ ዘጠኝ ተኩል ላይ በበሩ ብቅ አለች። «ዜሮ ደረስሽ?»

«ደርሼ ነበር። አሁን መቶ አርባ አንድ ነው።»

«ምን?»

ፈጣኗ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። «አንድ በአንድ ልጠግናቸው። ሳምንት ይስጡኝ።»

«ሳምንት? አንቺ?» ኃላፊዋ ትክ ብላ አየቻት። «ቦርዱን እኔ እችለዋለሁ። ዛሬውኑ ጀምሪ።»

ፈጣኗ ከሁሉ በፊት ያንን «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን ገጽ ከፈተች። ከሥሩ «ይደውሉልን፤ አብረን እንፈልገዋለን» ብላ የእንግዳ መቀበያውን ቁጥር ጻፈች። ጥቂት አሰበችና ቁጥሩን አጠፋችው። በምትኩ የራሷን ጠረጴዛ ስልክ ጻፈች።