ግማሽ ጸሎት

ሰው መከራ ሲደርስበት ጠያቂ አያጣም። የሚያጣው አፉን ይዞ የሚቀመጥ ጠያቂ ነው።

እጄ የተቃጠለ ሰሞን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ጎረቤቴ ባለሱቋ ናት። ያመጣችውን ብርቱካን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ ሳትጨርስ ወንበር ስባ ተጠጋችኝ።

«እስቲ ወደ ኋላ አስቢ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያስቀየምሽው ሰው ይኖር ይሆን?»

«አለ።»

ዓይኗ በራ። «ማን?»

«አሁን የማስቀይማት። ተነሽና ውጪልኝ! ብርቱካኑን ግን ተይው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው የእሷ ብቻ አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገር ወርዶብኛል። ባሌ «ጉንፋን ነው፣ አታካብጂው» ብሎ ተኛ፤ በአምስተኛው ቀን አረፈ። አርባ ዓመት ተጨቃጭቀን አንድም ቀን ቂም ይዞ ያላደረ ሰው ነበር። ሐዘኔን ሳልጨርስ ከጎናችን ፎቅ የሚሠሩት ሰዎች ቁፋሮውን አብዝተው የቤቴን ግድግዳ ከነመስኮቱ ናዱት፤ ልብሴን በፌስታል ይዤ ልጄ ቤት ገባሁ። ከዚያ ደግሞ ሥራ ቦታዬ ላይ መካኒኩ የአንሶላ መተኮሻውን ማሽን መከለያ ፈቶ ሳይመልሰው ሄደ፤ የጋለው ብረት ቀኝ እጄን ነከሰው።

ቅድስት ነኝ አልልም። ምላሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን በምላስ ኃጢአት እጅ የሚቃጠል ቢሆን ኖሮ፣ የሰፈራችን ሴት በሙሉ ጓንት አድርጋ ነበር የምትሄደው።

ሥራዬ በዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ማጠፍ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። አጠፍኩ ካለም ጠቅልሎታል እንጂ አላጠፈውም። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የእኔ ሁለተኛ መሰላል ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ቁመቷን ያየ ሁሉ ግን መሰላል ነው የሚላት። እሷም የእኔን ወገብ አይታ ሙቀጫ ብላኛለች። እሷ ጫፉን ከፍ ስታደርግ እኔ ጣሪያ እንደሚቀባ ሰው እንጠራራለሁ። እኔ ዝቅ ሳደርግ እሷ መርፌ እንደጠፋባት ታጎነብሳለች።

ስንቀጠር የነበረችው አሮጊት አለቃችን ሥራችንን በሰዓት አትለካም ነበር። ሁለት ሁለት አድርጋ አቆመችንና ጸሎት አስተማረችን። ከየት እንዳመጣችው እንጃላት፤ ከእሷ በቀር ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። አንዷ ትጠይቃለች፤ ሌላዋ በእግዜር ፈንታ ትመልሳለች። አራት ጥያቄ፣ አራት መልስ፣ አንድ አንሶላ። ጠያቂዋ ጠይቃ ትስባለች፤ መላሿ መልሳ ትስባለች። በአራተኛው ተጠጋግተን ጫፍ ከጫፍ ስንገጥም ጸሎቱም አንሶላውም አለቀ። እኔን ጠያቂ አደረገችኝ። «አንቺ ለጥያቄ ነው የተፈጠርሽው» አለችኝ፤ ስድብ ይሁን ሹመት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። መላሾቹን ግን ለብቻቸው ወደ ዕቃ ክፍል አስገብታ ነበር ያስተማረቻቸው። «ጠያቂ መልሱን ቀድሞ ካወቀ ከልቡ አይጠይቅም» አለች።

ባለሱቋን ባባረርኩ ማግስት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ለመጸለይ ተመቻቸሁ። የተኛሁበትን አንሶላ በደህናው እጄ ብዳስሰው መታጠፊያው ተጣሟል፤ እኔ በሌለሁበት ያጠፉት ነው። «እዚህም ተበደልኩ» አልኩና ጀመርኩ።

«ጌታዬ ሆይ፣ ታየኛለህ ወይ?»

ጠበቅሁ። የሚስበኝ የለም። ሁለተኛውን ጠየቅሁ፤ ሦስተኛውንም፤ አራተኛውንም። ከዚያ መልሶቹን ከራሴ ውስጥ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ አንድም የለም! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የያዝኩት ግማሽ ጸሎት ነው።

ይህን ያህል ዘመን የሰማሽውን እንዴት አታውቂም የሚለኝ ካለ፣ መጥቶ እዚያ ክፍል አንድ ቀን ይቁም። ማሽኖቹ ሲዞሩ ድንጋይ የጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ነው የሚመስሉት። እኔ የራሴን እጮሃለሁ፤ የመሰላል ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንሶላው ሲሳብ ተራዬ ደረሰ ማለት ነው። ምን እንደምትል ጠይቄያትም አላውቅ። መልስ መኖሩን ካወቅሁ ምን ያስጠይቀኛል? ያስተማረችን አለቃ ሞታለች፤ ሌሎቹ ጥንዶችም በጡረታና በሞት ተበትነዋል። ያ የቀረው ግማሽ በዓለም ላይ ያለው በአንዲት ሴት አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

የአፉ ባለቤት መሰላል በዚያው ቀን ከሰዓት መጣች። በፋሻ የታሰረ እጄን ስታይ ማልቀስ ጀመረች።

«ልቅሶውን ተይውና መልሶቹን ንገሪኝ» አልኳት።

«የምን መልስ?»

«የጸሎታችንን ነዋ!»

እንባዋን ጠረገችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስትቀመጥ እንኳ ረጅም ናት። «ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ጸሎቱንም፣ እሱንም።» በአገጯ ወደ ጣሪያው አመለከተች። «ባልሽን ወሰደ፤ ዝም አልኩ። ቤትሽ ፈረሰ፤ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እጅሽን! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ይልሻል፣ እንዲያ ይልሻል እያልኩ በእሱ ስም ስመልስልሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ውሸታም አደረገኝ። ከእንግዲህ በእሱ ፈንታ አልናገርም።»

«ቆይ፣ እጁ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ባሉስ?»

«ያንቺ ነዋ።»

«ታዲያ ውክልና ሰጥቼሻለሁ? ከእግዜር ጋር መጣላት ካማረኝ አፍ አለኝ፤ አፍ አጥቼ አውቃለሁ ልትይኝ ነው? እኔ ያልኮረፍኩትን አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ወዳጅ ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ብርቱካን ለመላጥ! በአንድ እጅ አልሆነልኝም።»

ላጠችልኝ። ላጠችልኝ እንጂ አንዲት ቃል አልነገረችኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ገባሁ። ሦስቱ ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ጫፉን በአውራ ጣቴና በመዳፌ መሀል ወትፌ ነው የምይዘው። ኃላፊያችን፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ፣ «እማማ፣ ለጊዜው የትራስ ልብስ ቢያጥፉ አይሻልም? እሱ ይቀላል» አለኝ።

«አንተ እጠፈው፤ ጀማሪ ነህ» አልኩት።

እኔ ጥያቄዬን እጮሃለሁ፤ መሰላል ከንፈሯን ገጥማ መቼ እንደምትስብ ሳይታወቅ ትስባለች። አንሶላው ሁሉ የሰከረ ሰው ያጠፈው መሰለ። የጸሎት ቤታችንን አስተማሪ ሄጄ ባማክረው፣ «እናቴ፣ ሌላ ጸሎት ሞልቷል» አለኝ። ሌላ ባልም ሞልቷል፤ እኔ የጠፋብኝ የራሴ ነው።

እግዜርን አልተውኩትም። ግን ፈራሁ። ጥያቄ ብቻውን ሲውል ሲያድር ክስ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ሦስተኛውን ጥያቄ፣ «በደሌ ምንድን ነው?» ስል፣ ቃሉ አፌ ውስጥ እየሾለ ሲሄድ ይታወቀኝ ጀመር። መክሰስ ደግሞ ለእኔ ተሰጥኦዬ ነው፤ አንዴ ከጀመርኩ የሚያቆመኝ የለም። ያንን ግማሽ ካላገኘሁ ከእሱ ጋር አንድ ቀን እንደምቆራረጥ አወቅሁት።

አንድ ማለዳ መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ ሁሉ እያቃሰቱ ቆሙ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ተሰማ። ኃላፊው ሰው ሊጠራ ወጣ፤ ሴቶቹ ቅርጫት ገልብጠው ተቀመጡ። በመስኮቱ በቂ ብርሃን ስለነበር አንድ አንሶላ አነሳሁና ጫፉን ለመሰላል ወረወርኩላት።

«ያዢ።»

ያዘች።

«ጌታዬ ሆይ፣ ታየኛለህ ወይ?» አልኩ። ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ ራሴው ደነገጥኩ። ሴቶቹም ዞሩ። መሰላል ከንፈሯን ገጠመች።

«እሺ፤ አንቺ እምቢ ካልሽ እኔው እመልሳለሁ» አልኩና ድምፄን አወፈርኩ። «አያለሁ፤ ግን ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል።»

ሴቶቹ ሳቁ። መሰላል አፍንጫዋ ተነፋ።

«ሸክሜ ከበደኝ፣ ለማን ልስጠው? … ለመሰላል ስጫት፤ ረጅም ናት፤ ቆጥ ላይ ታደርግልሻለች።»

አንዷማ ከቅርጫቷ ልትወድቅ ደረሰች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሦስተኛው ዘለልኩ። «በደሌ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። መልስ ብፈልግ የመጣልኝ የባለሱቋ ድምፅ ብቻ ነው። «ወደ ኋላ አስቢ» አልኩ ቀስ ብዬ፤ «ያስቀየምሽው ሰው ይኖራል።»

«እንዲህ አይደለም!»

መሰላል ናት የጮኸችው። አንሶላውን ስትጎትተው ከመዳፌ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «እንዲህ ብሎ አያውቅም! ያላለውን አትበይ! ‹እኔ አልጠየቅሁሽም› ነው መልሱ!»

«ምን?»

«‹በደሌ ምንድን ነው?› ስትይ፣ ‹እኔ አልጠየቅሁሽም›። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱን ነው የመለስኩልሽ!»

ባለሱቋ ጠይቃኛለች። የባሌ ዘመዶች በዓይናቸው ጠይቀውኛል። እኔም በየማለዳው ራሴን ወጥሬ ስጠይቅ ከርሜአለሁ። እሱ ለካ አልጠየቀኝም! ሳቅ አፈነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

«የፊተኞቹስ? ቶሎ በይ፣ መብራቱ ሳይመጣ!»

አንዴ አፏን ከፍታዋለችና መመለሻ አጣች። «‹ታየኛለህ ወይ?› ስትይ፣ ‹ዓይኔን መቼ ከአንቺ ላይ አነሳሁ›። ‹ለማን ልስጠው?› ስትይ፣ ‹አንዱን ጫፍ ያዢ፣ ሌላውን እኔ ይዣለሁ›።»

«መጨረሻውስ? ‹እስከ መቼ?› ስለው?»

«‹እኔም እዚሁ ነኝ›።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ይሄ መልስ ነው? እኔ እስከ መቼ ነው ያልኩት!»

«መስመሩ ይኸው ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ባሌም በሩን መቼ ነው የምትጠግነው ስለው ‹እዚሁ አይደለሁ እንዴ› ነበር የሚለኝ።» ሴቶቹ እንደገና አውካኩ። አዎ፣ ይሳቅ። ግን ባሌ እንዲያ ባለኝ ቀን፣ በሩ እንደተሰበረ፣ የሰላም እንቅልፍ እተኛ ነበር።

መሰላል ግን አልሳቀችም። የፎጣው ክምር ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «አንቺ ሳቂ። እኔ በአፌ አልኩት እንጂ ልቤ አልተመለሰም።»

አየኋት። ሁለት ሕፃናት ቀብራለች ይቺ ሴት። በሁለቱም ጊዜ በሳምንቱ ሥራ ገብታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ጫፏን ይዛ መልሳልኛለች። ስትጠይቅ ግን አንድም ቀን አላየኋትም። ማን አስጠየቃት? እኔ መልስ አጣሁ ብዬ ስነጫነጭ፣ ለካ እሷ ጥያቄ የሚባል ነገር አልተሰጣትም።

«ተነሺ» አልኳት። «ቦታ እንቀያየር። ዛሬ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«አልችልበትም።»

«ለኩርፊያው ማን አስተማረሽ? ተነሺ አንቺ!»

ተነስታ በእኔ ቦታ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ጌታዬ ሆይ፣ ታየኛለህ …»

«አይሰማም!»

«ታየኛለህ ወይ?»

«ዓይኔን መቼ ከአንቺ ላይ አነሳሁ» አልኩና ሳብኩ። በእግዜር ፈንታ መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

«ሸክሜ ከበደኝ፣ ለማን ልስጠው?» ድምጿ እየወጣ መጣ። መለስኩላት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣሪያው የሚነሳ መሰለ። «በደሌ ምንድን ነው?» ስትል ያለቀሰችም የተሳደበችም ይመስል ነበር። ኃላፊው እየሮጠ ገባ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ተጎዳ?»

«እየጸለይን ነው፤ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ!» አልኩትና ወደ እሷ ዞርኩ። «እኔ አልጠየቅሁሽም።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ። ቀና አለች፤ ያ ቁመቷ በሙሉ ወጣ። «እስከ መቼ?» ብላ ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው። የእኔ ጣቶች እንደሆኑ አይታጠፉም፤ ጫፉ ሾልኮ አመለጠኝና ወደ ኋላዬ ሄጄ ፎጣው ክምር ላይ በቂጤ ዘፍ አልኩ። እግሬ ወደ ላይ፣ ነጠላ ጫማዬ አንድ ወዲህ አንድ ወዲያ።

«እኔም እዚሁ ነኝ!» አልኩ ከተጋደምኩበት።

መሰላል ፈነዳች። ሆዷን ይዛ፣ ተጣጥፋ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ሳቀች፤ ሴቶቹም አብረዋት፤ ኃላፊው ሳይቀር ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። በረጅም ክንዷ ጎትታ አነሳችኝና፣ «ሙቀጫ፣ ምነው እግዜርስ ስጎትተው እንደ አንቺ አይወድቅ!» አለችኝ።

«እሱንማ ነገ ጠይቂው» አልኳት።

አንሶላው ወለሉ ላይ ወድቆ ስለቆሸሸ ተመልሶ ማጠቢያ ገባ። መብራቱ መጣ፤ ማሽኖቹ ጮኹ፤ ሌላ አንሶላ አነሳን። እሷ አፏን ከፍታ ስትጮህ አያለሁ፤ ጥያቄም ይሁን መልስ፣ ምን እንደምትል አሁን ሳልሰማም አውቀዋለሁ።