ያልተዘፈዘፈ ከሰል

ከሰል ሃያ ሁለት ዓመት ሸጫለሁ። ኮልፌ ውስጥ የእኔን ከሰል ገዝቶ "ጨሰብኝ" ብሎ የመለሰ ሰው የለም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውሃ አላስነካም። ክረምት ሲገባ እኔና ገሜዳ ከምንተኛበት ክፍል ላይ ቆርቆሮ ነቅለን ከሰሉን እናለብስ ነበር። እኛ ላይ ቢያፈስ ያፍስ፣ ከሰሉ ግን ደረቅ ይደር እንል ነበር።

ገሜዳ ባለቤቴ ነው። አምና ሰኔ ላይ ሞተ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ከቀብር ስመለስ እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ያው ነው። ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ሌላ ነገር የለም። በዚያው ሰሞን መንገዱ ሲሰፋ የምሸጥበት ቦታ ተነሳ። የቦታው መነሳትም ምንም አልመሰለኝም።

መሬት ሊያለሙ የተደራጁ ሴቶች ጋ ጎትታ የወሰደችኝ ዙቤዳ ናት። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ከቀራንዮ በታች ወንዙ ዳር አንድ ተዳፋት አለ፤ የወፍ ቆሎ የበላው። የወፍ ቆሎ ማለት ያ አበባው ሮዝና ቢጫ የሆነው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን ወፍ እየበላ ይዘራዋል። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ፍየል እንኳን አትነካውም። ወረዳው ለአሥራ ሁለታችን "መንጥሩትና አትክልት አብቅሉበት። ታኅሣሥ መጨረሻ መጥተን እናያለን። ከለማ የአምስት ዓመት ውል፣ ካልለማ ለሌላ ይሰጣል" አለን። አብዛኞቹ ከዚያ መሬት ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም። ዱሬቲ የምትባለው ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላ ነበር የምትመነጥረው። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ሥራ የሚሰጣት ቤት ሁሉ "ልጁን የት ታደርጊዋለሽ?" ይላታል። መሬቱ ግን አይጠይቃትም።

የምታስተምረን ሄቨን የምትባል የእርሻ ባለሙያ ናት። ልጅ ናት፣ ግን ዶማ መያዝ ታውቃለች። "የወፍ ቆሎውን አንጥለውም። አክስለን እዚሁ አፈር ውስጥ እንቀብረዋለን። ባዮቻር ይባላል። አፈሩን የጎዳው እሱ ነው፣ የሚክሰውም እሱ ይሆናል" አለችን።

አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ጉድጓድ አስቆፈረችን። እኔ የማውቀው እንጨቱን አፈር አልብሶ ማክሰል ነው። የእሷ ክፍት ነው፤ እሳቱ ከላይ ይነዳል፣ አመድ ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር ሌላ ይጨመርበታል። ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። እሳት አያያዙን በአንድ ቀን ለመድኩት፤ ሴቶቹም የእሳቱን ነገር ለእኔ ተዉት። ሲያልቅ ግን ውሃ ይደፋበታል። እሱን ሳይ ፊቴን አዞርኩ።

ይባስ ብላ ደግሞ "አሁን በእበትና በላም ሽንት በርሜል ውስጥ ሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋል" አለች።

"ምን ሆኖ?" አልኳት።

"ባዶ ነዋ፣ እትዬ ቦንቱ። እንዲሁ ከቀበሩት አፈሩ ውስጥ ያለውን ምግብ ለራሱ ይስባል። ችግኙ ይራባል።"

"ከሰል ነው የምታወሪልኝ ወይስ የቀን ሠራተኛ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ዙቤዳ ከሁሉም በላይ ሳቀች። "ተያት ሄቨንዬ፣ ይቺ ሴትዮ ለከሰል ጃንጥላ የምትገዛ ናት! ባሏን ዝናብ ሲመታው ዝም ትል ነበር፣ ጆንያዋ ላይ ጠብ ሲል ግን አገር ትጠራ ነበር።"

መሬቱን ለሁለት ተከፋፈልነው። ታችኛውን ዙቤዳና አምስት ሴቶች፣ ላይኛውን እኔ፣ ዱሬቲና አራት ሌሎች። የእኛን ከሰል እኔ እዘፈዝፈዋለሁ አልኩ። አልዘፈዘፍኩትም። ቤቴ ወስጄ ሸራ ላይ አሰጣሁት፤ እርስ በርሱ ሲነካካ እንደ ብርጭቆ እስኪጮህ በፀሐይ አደረቅሁት። አደቀቅሁትና ለሴቶቹ አቀረብኩ።

ዱሬቲ አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተችው። "እትዬ፣ አይሸትም እኮ።"

"ዘፍዝፌ አድርቄው ነው። ፀሐይ ወሰደው።"

ቀበርነው፣ ጎመንና ቆስጣ ተከልንበት።

በሦስተኛው ሳምንት የታችኛው ጎመን መዳፍ አክሎ አረንጓዴው ጠቆረ። የእኛ ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ተቀቅሎ የወጣ ይመስል ነበር። ሄቨን ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ዘፍዝፈውታል አይደል?"

"ዘፍዝፌዋለሁ።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ?"

"ሁለት ሳምንት።"

ሃያ ሁለት ዓመት በትክክል የሠራሁትን ነገር ይቺ ልጅ ልታርመኝ ነው? ያን ሰዓት ያሰብኩት ይኼን ብቻ ነው። ሄቨን እንግዲህ ውሃ በዝቶ ይሆናል አለች። ውሃ የምታጠጣው ዱሬቲ ነበረች። ሴቶቹ ያን ቀን ምንም አላሏትም። በማግሥቱ ግን አንዷ ባልዲውን ከእጇ ተቀበለቻት። "አንቺ ልጅሽን አጥቢ፣ እሱን እንኳን ከቻልሽበት" አለቻት። ዱሬቲ ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን አቀፈች፣ አለቀሰች። እኔ እዚያው አጠገቧ አረም ስነቅል ነበር። አየኋት። ቴሌቪዥን ውስጥ እንዳለ ሰው ነው ያየኋት። አረሜን ነቅዬ ጨረስኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ተኛሁ።

እንደዚያ ሦስት ሳምንት ሆነ። የሚያዋራት አልነበረም። እሷ ግን በየቀኑ ትመጣለች፣ ድንጋይ ትለቅማለች።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ከወረዳ ኑሕ የሚባለው ሰው መጣ። ጫማዬን ጭቃ ይነካዋል ሳይል ታች ድረስ ወረደ፣ ጎመኑን እየነካካ "ማሻአላህ፣ ይኼ ነው ሥራ" አለ። ዙቤዳ እንደ ሙሽራ እናት ሆነች። ከዚያ ወደ እኛ ወጣና ቆመ።

"እዚህስ ምን ሆኖ ነው እናቶቼ?"

ሄቨን "ላይኛው ላይ ምክንያቱን አላገኘነውም፤ የውሃ አጠጣጥ ሳይሆን አይቀርም" አለች።

"ማነው የሚያጠጣው?"

ሁሉም ዱሬቲን አዩ። ዱሬቲ ልጇን ከጀርባዋ ከፍ አድርጋ አጠበቀችና "እኔ ነበርኩ" አለች። አልካደችም። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ተቀብላ ነበር፤ ሦስት ሳምንት በዚያ ዓይን ሲያዩዋት ምን ታድርግ።

"እሷ አይደለችም" አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው፤ ልቤ ምንም አላደረገም። "ከሰሉን አልዘፈዘፍኩትም። ደረቁን ነው የቀበርኩት። ሄቨን ስትጠይቀኝ ዋሽቻለሁ።"

ኑሕ ወደ ሄቨን ዞረ። "ይድናል?"

"ከበርሜሉ ፈሳሽ እያጠጣነው በወር፣ በወር ተኩል ያገግማል።"

"እኔ የምጽፈው ዛሬ ያለውን ነው" አለ። ሲናገር ክፋት አልነበረበትም። "ታችኛው ውል ያገኛል። ላይኛው ግን አልለማም ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?"

እሱ እንደሄደ ዱሬቲ ፊቴ መጥታ ቆመች። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የምትለኝ።

"አንቺ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳለቅስ ስታዪኝ!"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ከሰል ውሃ አይነካውም ብዬ።"

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ለምን ዝም አልሽ?"

"አላውቅም" አልኳት። ይኼኛው ውሸት አልነበረም።

አሥራ ሁለት ሴት በግማሽ መሬት ላይ ቀረን። አንዳንዶቹ "አሥራ አንድ እንሁን፣ ቦንቱ ትውጣ" አሉ። ዙቤዳ ልትሟገትልኝ አፏን ስትከፍት አስቆምኳት። እውነታቸውን ነበር። ማን ይወስን ሲባል ሁሉም ዞረው ዱሬቲን ጠበቁ፤ ባልዲ የነጠቀቻትም ጭምር።

ልጁ የዱሬቲን ነጠላ ይጎትታል። "እሳት የሚያውቅ ሌላ ሰው አለን?" አለች በመጨረሻ። አልነበረም። "እንግዲያው ትምጣ። ጉድጓዱን ትያዝ። በርሜሉ ግን የእኔ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ከሰል እኔ ሳላየው አንድ እፍኝ የትም አይሄድም።"

ላይኛው ለሌላ ተሰጠ፤ አሁን ብሎኬት እየወረደበት ነው። እኛ ከወንዙ ማዶ የቀረውን የወፍ ቆሎ እየመነጠርን እናመጣለን።

ሰኞ ለታ አከሰልኩ፣ ውሃውን ራሴ ደፋሁበት። እንፋሎቱ ሲበርድ በአካፋ ዘንቢል ሞልቼ ወደ በርሜሉ ተሸከምኩ። ዱሬቲ ክዳኑን ከፍታ ቆማለች። ዘንቢሉን አፋፉ ላይ አስደገፍኩት፤ ከዚያ እጄ አልለቅ አለ። ጥሩ ከሰል ነበር፤ ወፍራም፣ ያልተሰባበረ። አየር ጤና ወስጄ ብሸጠው ይሻሙበት ነበር።

"ድፊው" አለች ዱሬቲ።

"ቆይ አንድ ጊዜ።"

"ድፊው አልኩሽ እኮ!"

ደፋሁት። ፍስስስ እያለ ጠጣ፣ አረፋ አወጣ። ሽንቱ ክንዴ ላይ ተረጨ። ዱሬቲ በዱላ አማሰለችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ድንጋይ ጫነችበት።

"ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሳምንት። የምከፍተው እኔ ነኝ።"

"እሺ" አልኳት፤ ባዶውን ዘንቢል ይዤ ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩ።