በእማማ ኦዴት ማሳ የተፈተነው ሞተር

ታፔላውን የሰቀለው ራሱ ሮዜር ነው፤ በገዛ መዶሻው። «እስከ ግንቦት መጨረሻ በሞተር ማለፍ ክልክል ነው» ይላል። እኛ አሜሪካ፣ ሰሜን ሜይን ውስጥ ሚያዝያ ሲመጣ በረዶው ይቀልጥና መሬቱ ገንፎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባለ አራት ጎማ ሞተር ከነዱበት ማሳው አለቀለት። የሞተር መንገዳችን ደግሞ የማኅበራችን ንብረት አይደለም፤ በየሰዉ መሬት ላይ በፈቃድ የሚያልፍ ነው። እማማ ኦዴት የድርቆሽ ማሳቸውን በር ከዘጉ ወደ ጫካው መግቢያ የለንም። ስለዚህ የሞተረኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሮዜር በየዓመቱ ኮፍያውን አውልቆ ይለምናቸዋል።

ታዲያ ይኼው ሰው ምን ቢሠራ ጥሩ ነው! አሮጌው ሞተሩ ሞቶበት፣ ሻጩ አንዱን እንዲመርጥ ብሎ ለቅዳሜ ሁለት ሞተር አዋሰው፤ ቀላል ቀይና ከባድ አረንጓዴ። አስፋልት ላይ ሁለቱም ያው ናቸው። በጭቃና በበረዶ ካልተሞከረ ምኑን ተመረጠ? «አንድ ዙር ብቻ» አለና ታፔላውን አልፎ እማማ ኦዴት ማሳ ገባ።

ቀዩ ጥላ ሥር የቀረውን በረዶ እየሳቀ አለፈው፤ ጭቃው ላይ ግን በሆዱ ተቀምጦ ቀረ። ሮዜር በእግሩ ተመልሶ አረንጓዴውን አመጣ። አራቱንም ጎማ አንድ ላይ የሚያሽከረክረውን ቁልፍ ሲጫን፣ እሰይ! ቀዩን በገመድ እየጎተተ፣ እያጓራ ወጣ። ሮዜር በደስታ ብቻውን ጮኸ። ዞር ሲል ግን ሣሩ ተገልብጦ፣ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ማሳውን ለሁለት ከፍሎታል። ወይ ጉድ! ቤቱ ገብቶ ሁለቱንም አጠበ፤ አረንጓዴውን ገዛ፤ ለማንም አልተነፈሰም።

ማክሰኞ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እማማ ኦዴት ከነቦቲያቸው መጡ። «ማሳዬን ያረሰልኝ ጀግና ማነው? ካልታወቀ ከነገ ጀምሮ በሩ ዝግ ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ ጊልማን ዞረ። ጊልማን ከሁለት ዓመት በፊት ታፔላ አልፎ የተያዘ ሰው ነው። «ደግሞ ሌላ ማን ይሆናል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አለ ጊልማን።

ሮዜር አፉን ከፈተ። ወዲያው ዘጋውና የስብሰባውን ወረቀት ማስተካከል ያዘ። እማማ ኦዴት ቦርሳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ጊልማን ተነሳ። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ነገ አካፋ ይዤ መጥቼ እደፍነዋለሁ።»

ለአንድ ዓመት ከማኅበሩ ይታገድ ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ሊቀ መንበሩ ነው። ሮዜር እጁን አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አካፋውን ይዞ ማሳው ላይ ሲደርስ ጊልማን ግማሹን ደፍኗል።

«አንተ አይደለህም እኮ» አለው ሮዜር፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አውቃለሁ። ማን እንደሆነም አውቃለሁ። የአዲስ ጎማ ጥርስ ነው፣ ይኸው ታትሟል። በመንደሩ ሰሞኑን አዲስ ሞተር የገዛው ማነው?»

«ታዲያ ለምን...»

«መንገዱ ይዘጋ እንዴ? እኔ ነኝ ብል ሁሉም ያምናል፤ እርስዎ ነዎት ብል ማን ያምነኛል፣ ጋሼ?»

ሮዜር አካፋውን ጥሎ ወደ እማማ ኦዴት ቤት ሄደ። ኮፍያውን አወለቀ። «እማማ፣ ማሳዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ኦዴት ሳቁ። «ሂድ ወዲያ! ለዚያ ባለጌ እንኳ ታዝናለህ? አንተማ የሰው ጥፋት መሸከም ትወዳለህ። በሩን ያልዘጋሁት ለአንተ ብዬ ነው፣ ልጄ።» ክንዱን ያዙት። «ግባ፣ የፕሎይ ቂጣ ጋግሬያለሁ፣ ትኩስ ነው። ያንን ጊልማን ግን እንዳታስገባብኝ።»

«እውነቴን ነው እኮ፣ እማማ፣ በአረንጓዴው...» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። አንዴ ጮክ ብሎ ቢደግመው ይበቃ ነበር። ከኋላው የጊልማን አካፋ ይሰማል።

ኧረ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ገባ። ሁለት ፕሎይ ቅቤ ቀብቶ በላ።