ያልተጠየቀችው ወንበር

«እጁን ሳጥኑ ላይ አያሳርፍም። አለቀ!»

ኤዲ ይህን ያለው በሹክሹክታ መስሎት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሞተር ጩኸት የሰማ ጆሮ ግን የገዛ ሹክሹክታው ምን ያህል እንደሚጮህ አያውቅም። ከአስከሬኑ ፊት ተንበርክከው መቁጠሪያ የያዙት ሁለት አሮጊቶች ዞር ብለው ገላመጡት።

«ክሌይ ባሌ ነው፣ አጎቴ ኤዲ» አለች ጃኒስ። «ለአባቴም እንደ ልጁ ነው። ነገ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ይሆናል።»

«እንደ ልጁ ነበር በይ። ሰውየው የገልፍ አብራሪ ነው። ሌናርድን የሚሸከሙት የኛ የናያጋራ ሰዎች ናቸው። አባትሽ ብድግ ብሎ ቢያይ ምን የሚል ይመስልሻል?»

«መጀመሪያ አንተን ድምፅህን ቀንስ ይልህ ነበር።»

ኤዲ ፈገግ ሊል ዳዳውና ተወው። ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ በሥጋ ባይዛመዱም አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። እንደ አባቷ አብራሪ ነበር። ዛሬ የናያጋራ አየር መንገድን ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ናያጋራ የሚባል አየር መንገድ ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም ኮቱ አለ፤ ሆዱ ላይ ግን አልዘጋ ብሎታል።

የቡፋሎ በረዶ ከእሑድ ጀምሮ አላባራም። ሌሎቹ ሽማግሌ አብራሪዎች ጫማቸውን እያራገፉ ወደ ስንብቱ ክፍል ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር ይወትፋሉ፣ አስከሬኑን ለመሰናበት ይሰለፋሉ። አንዱ ቀደም ብሎ ሊቆም ሲል ከኋላው ያለው ትከሻውን ያዘው።

«አንተ በሰባ ስምንት የተቀጠርክ አይደለህም እንዴ? ወደ ኋላ!»

ሳቁ። ሰውየው ግን እየሳቀ እውነትም ወደ ኋላ ሄደ። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ በሬሳ ፊት እንኳ ተራቸውን አይረሱም።

ለአብራሪ ተራ ቁጥሩ ሁሉ ነገሩ ነው። የተቀጠረ ዕለት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ ገናን ከልጆቹ ጋር ይሁን ከሆቴል ግድግዳ ጋር እንደሚያሳልፍ፣ የካፒቴኑ ግራ ወንበር ይሁን የረዳቱ ቀኝ ወንበር እንደሚደርሰው የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ጉብዝናም ሆነ ልመና አያስለውጠውም። ከፊት ያለው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ብቻ አንድ ከፍ ይባላል።

ናያጋራ ከቴክሳሱ ገልፍ ስታር ጋር ሲዋሃድ ሁለቱን ሰልፎች አንድ ማድረግ ግድ ሆነ። ናያጋራዎች በዕድሜ የገፉ ነበሩና «በተቀጠርንበት ቀን ይሁን» አሉ። ገልፎቹ ወጣቶች ነበሩና «እናንተ እየሰመጣችሁ ነበር፣ አውሮፕላን ይዘን የመጣነው እኛ ነን፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የነበረውን ደረጃ ይያዝ» አሉ። ክርክሩ የግልግል ዳኛ ዘንድ ሄደና ዳኛው ለገልፎች ፈረደ። ክሌይ የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ናያጋራ የተቀጠረው ሌናርድ አንድ ጠዋት ሲነሳ ከአማቹ በታች ሆኖ ተገኘ። ፀጉሩ የሸበተበትን የግራ ወንበር ለቆ ቀኝ ተቀመጠ። ቡፋሎ የሚነሱት በረራዎች ሲቀነሱ ደግሞ ሥራው ወደ ሂዩስተን ተዛወረና በየሳምንቱ አገር አቋርጦ የሚመላለስ መንገደኛ ሆነ።

ከዚያ በፊት ሌናርድና ክሌይ እንዴት ይዋደዱ እንደነበር ጃኒስ ብቻ ሳትሆን መንደሩ ያውቃል። ክሌይ እሷን ሊያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡፋሎ የመጣው ሌናርድ በሚያበረው አውሮፕላን ነበር፤ አብራሪው አባቷ መሆኑን አላወቀም። ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ አንዲት ታጣፊ ወንበር አለች፤ ቦታ ያጣ አብራሪ በነጻ የሚሳፈርባት። ክሌይ ዘው ብሎ ገባና ቁጭ አለባት።

«ውጣ» አለው ሌናርድ ዞር ሳይል። «ይቺን ወንበር የሚፈልግ ሰው ራሱ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ካፒቴኑን ይጠይቃል። ካፒቴን ማንንም ና ግባ አይልም።»

ክሌይ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወጣ፣ አንኳኳ፣ ጠየቀ። ሌናርድ እጁን ጨበጠው። በየዓመቱ በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ሁለቱ ይህን እንደ ቲያትር እየሠሩት ቤቱን በሳቅ ይገድሉት ነበር። ከዳኛው ፍርድ በኋላ ግን ሌናርድ የክሌይን መኪና ድምፅ ሲሰማ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። ሚስቱ ሃሪየት ለፋሲካ ሁለቴ ማዕድ ታቀርባለች፤ ቀን ለባሏ፣ ወደ ማታ ለአማቿ። ጃኒስ ሁለቱንም ጊዜ ትበላለች።

አሁን ሃሪየት ከአበባዎቹ አጠገብ ካለው ወንበሯ ተነስታ መጣች።

«ኤዲ፣ ባሌን ማን እንደሚሸከም የምነግርህ እኔ ነኝ» አለች። «ክሌይ ይይዛል።»

ኤዲ ጎንበስ አለ። «እሺ ሃሪየት። ከኋላ በኩል ይያዝ።»

«ከፊት!» አለች ጃኒስ።

ኤዲ እጁን አወናጭፎ ሄደ። ጃኒስ ደስ አላት። አባቷ በተጋደመበት ክፍል ደስ ስላላት አፈረች፤ ቢሆንም ደስ አላት። ነገ ክሌይ እጀታውን ሲይዝ ይህ ክፉ ነገር ከአባቷ ጋር አብሮ ይቀበራል ብላ አሰበች።

ቡና ልትቀዳ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የዶናቱ ሳጥን አጠገብ ኖሪን ብቻዋን ቆማለች። ኖሪን ለናያጋራ የመሳፈሪያ በር ሠራተኛ ሆና እዚሁ ቡፋሎ አርጅታለች፤ ከውህደቱ በኋላ እሷንም ሂዩስተን ላኳት። ጃኒስን ስታይ ስኒዋን አስቀመጠችና አቀፈቻት፤ አልለቃት አለች።

«እሑድ ዕለት በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች ጆሮዋ ሥር።

«የቱ በር ላይ?»

«ሂዩስተን፣ የቡፋሎው በረራ በር ላይ። የከሰዓቱ፣ የመጨረሻው። በረዶው እየመጣ ስለነበር ሰው ጢም ብሏል። ካፒቴን ሌናርድ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ደረታቸውን እያሻሹ ነው። ምን ሆኑ ስላቸው ቃር ነው አሉኝ። የቀረችው ታጣፊዋ ወንበር ብቻ ናት አልኳቸው። ካፒቴኑ ማን ነው አሉኝ።»

«ማን ነበር?»

«አንቺ ታውቂያለሽ ማን እንደነበር።»

ጃኒስ ታውቃለች። ክሌይ ያን እሑድ ከሂዩስተን ነበር የመጣው።

«ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲገቡ ተመስገን፣ ዛሬ ሊታረቁ ነው አልኩ በሆዴ። ከአውሮፕላኑ በር ላይ ቆሙ። የአብራሪዎቹ ክፍል ወለል ብሎ ክፍት ነው። ቆሙ፣ ቆሙና ተመለሱ። ‹ነገ እሄዳለሁ ኖሪን› አሉኝ። ሞተው ያገኟቸው እዚያው አጠገብ ካለው ሆቴል ነው አይደል?»

«አዎ። ጠዋት።» ጃኒስ ወንበር ፈለገች፤ አጣች። «ክሌይ አላየውም?»

ኖሪን ዶናቶቹን ተመለከተች። «እኔ ምኑን አውቄ» አለች።

ክሌይ ያን ዕለት ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ምን ሆነሃል ስትለው ደክሞኛል ነው ያላት።

አሁን ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የመስታወቱን በረዶ ሲፍቅ አገኘችው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለገችም።

«አየኸው?»

ማንን ብሎ አልጠየቃትም። መፋቁን ተወ።

«አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ጠበቅሁት። ይገባል ብዬ ጠበቅሁት፣ ጃኒ። አንድ ቃል ቢለኝ፣ ቃሉም ይቅር፣ አንድ እግሩን ቢያስገባ ወንበሯን ራሴ ነበር የምዘረጋለት። በረራው እንዲዘገይልኝ ብዬ ረዳቴን የመነሻ ማረጋገጫ ዝርዝሩን ሁለቴ አስነበብኩት።»

«ለምን አልጠራኸውም?»

«ካፒቴን አይጠራም» አለ። አፉ ለምዶበት ነው ያለው፤ ብሎት ሲያበቃ ራሱም ደነገጠ። «እሱ ነው ያስተማረኝ። እሱስ? እሱስ ለምን አልጠየቀኝም? አንድ ቃል ነበር እኮ!»

«እየሞተ ነበር!»

«አላወቅሁም።»

«ብታውቅስ?»

«ምን ማለትሽ ነው? እጠራው ነበር እንጂ» አለ ክሌይ። ግን ወዲያው አልነበረም ያለው። ከጥያቄዋና ከመልሱ መካከል ትንሽ ዝምታ ገባች፤ ጃኒስም ሰማቻት። አባቷንም ባሏንም እኩል መጥላት ብትችል ይቀላት ነበር። ሁለቱንም ትወዳለች፤ ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። ለእናቷ አትነግራትም። እናቷ ባል አጥታለች፣ አማች ደግሞ አትጣ።

በማግስቱ ክሌይ ከፊት በኩል እጀታውን ያዘ። ከጎኑ ኤዲ ነበር። ሁለቱም ሌላው የሌለ ያህል ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ እግራቸው ግን አንድ ላይ እየተነሳና እየወደቀ፣ ሌናርድን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አወጡት። የሚያምር አካሄድ ነበር። ለማን እንደሚያምር እንጃ።

ጃኒስ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ከእናቷ ቀጥላ ተቀመጠች። ኮቷን አውልቃ አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አኖረችው። ስታኖረው ምንም አላሰበችም። ሳጥኑ ከመንበሩ ፊት ሲያርፍ ሌሎቹ ተሸካሚዎች ወደየቦታቸው ሄዱ፤ ክሌይ ወደ እሷ መጣና አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆመ።

ኮቱን አየ። እሷም ማየቱን አወቀች። አንሺልኝ ማለት ይበቃው ነበር። ይበል፣ አለች በልቧ፤ አንድ ጊዜ ይበል፣ አነሳለታለሁ። ኦርጋኑ ይጫወታል። እናቷ ፊቷን መሐረቧ ውስጥ ቀብራለች። ክሌይ ምንም አላለም። ጃኒስም ቀና ብላ አላየችውም፤ ጣቶቿን አቆላልፋ መንበሩን ትኩር ብላ ተመለከተች። አንገቷን እንዲህ ያደነደነው የማን ደም እንደሆነ ታውቃለች። ማወቋ ግን አላላላትም።

ኦርጋኑ ዝም ሲል ቄሱ እጆቻቸውን ዘረጉ። ያኔ ከውስጧ አንድ ነገር ተበጠሰ። ኮቷን በሁለት እጇ ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገችውና ባዶውን እንጨት በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ ና፣ እዚህ ተቀመጥ።

ዞር ስትል አጠገቧ ማንም የለም። ክሌይ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከናያጋራዎቹ ሁሉ ኋላ፣ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ፤ ሰዉ ተነሳ። ጃኒስ አልተነሳችም። መዳፏን ከቀዝቃዛው እንጨት ላይ ሳታነሳ እዚያው ቀረች።